ከሐረጎ ላይና ታች፦ የዌብሳይት ሠሪው መሣሪያዎች በደሴና በኮምቦልቻ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርዱ ደሴ ላይ የለበሱት ጃኬት ኮምቦልቻ ሲደርሱ ክንድ ላይ ይውላል። ለዌብሳይት ሠሪም ሁለቱ ከተሞች ሁለት ዓይነት ገበያ ናቸው። ደሴ ላይ ሥራ የሚያዘው ሆቴሉ፣ የግል ትምህርት ቤቱና የፒያሳው ነጋዴ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ለሁለቱም ደርሷል፤ ዋናው ግቢ ደሴ፣ የቴክኖሎጂው ኢንስቲትዩት ኮምቦልቻ።

መሣሪያው ግን ላይም ታችም አንድ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ በነፃ ይገኛል። እዚህ አገር መሣሪያ ሲመረጥ ሁለት ጥያቄ ይቀድማል። ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል ወይ? ፊደላችንንስ ያውቃል ወይ?

ኮድ መጻፊያ ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ቪኤስ ኮድ ነው። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከጫኑት በኋላ መጀመሪያ የሚነካው ነገር ጽሑፉን በራሱ የሚያስቀምጠው አውቶ ሴቭ ይሁን፤ መብራት ሲሄድ አያስጠነቅቅም። ዛምፕ የሚባለው ደግሞ ላፕቶፑን ራሱን ሰርቨር፣ ማለትም ዌብሳይት የሚያቀርብ ኮምፒውተር ያደርገዋል። ዎርድፕረስ የሚባለውን የዌብሳይት መሥሪያ እዚያ ላይ ጭኖ አንድ ሙሉ ዌብሳይት ያለ ዳታ መጨረስ ይቻላል።

ማንበቢያ ከተባለ ኤምዲኤን የሚባለውን የኮድ መመሪያ ድረ ገጽ የሚያህል የለም። ለጀማሪ ደብልዩ ስሪ ስኩልስ ይቀላል፤ ፍሪ ኮድ ካምፕም ከሀ እስከ ፐ በነፃ ያስተምራል። ችግሩ ሦስቱም ኔትወርክ ይፈልጋሉ። ለዚህ ዚል የሚባል ፕሮግራም አለ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ቁጭ ብለው መመሪያዎቹን አንዴ ያወርዱና ቤት ገብተው ያነባሉ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ የዚህ ጥቅም ፍንትው ብሎ ታይቷል።

የኮዱን ለውጥ ደረጃ በደረጃ የሚመዘግበው ጊትም ለእኛ ሁኔታ የተሠራ ይመስላል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሠራው የሥራው ታሪክ በሙሉ በየሰው ኮምፒውተር ላይ እንዲቀመጥ አድርጎ ነው። ያለ ኔትወርክ ይመዘግባሉ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ኢንተርኔት ላይ ወዳለው ማከማቻ፣ ወደ ጊትሀብ፣ ይልካሉ። ጊት የማይጠቀም ሰው ፎልደሩን ብታዩት «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» ይላል። እኔም እዚያ ቤት ኖሬያለሁ።

ሙከራ ላይ ክሮም ውስጥ ኤፍ12 ተጭኖ የኔትወርኩን ፍጥነት ወደ ዝግተኛው ስሪጂ ማውረድ ነው። ገጹ የሚከፈተው በስልክ ነዋ። የሆቴሉ ባለቤት በስልካቸው ያነሱትን ትልልቅ ፎቶ እንዳለ መስቀል ደንበኛ ማባረር ነው። ስኩሽ የሚባለው መሣሪያ ፎቶውን እዚያው ብሮውዘር ውስጥ ያሳንሰዋል፤ የትም አይልከውም።

ስለ ሆስቲንግ፣ ማለትም ዌብሳይቱ ኢንተርኔት ላይ ስለሚቀመጥበት ቦታ፣ ብዙ አልልም። የውጭዎቹ በዶላር የሚከፍል ካርድ ይፈልጋሉ። ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ለማይፈልግ ቀላል ገጽ ጊትሀብ ፔጅስ በነፃ ያስተናግዳል። ክፍያ መቀበያ ለሚፈልግ ቴሌብርና ቻፓ አሉ።

አሁን ወደ ፊደላችን።

አንድ ጊዜ ለአንድ ፔንሲዮን ዌብሳይት ሠርቼ ባለቤቱን ጠራኋቸው። ገጹ ሲከፈት «እንኳን ደህና መጡ» በሚለው ቦታ የጥያቄ ምልክት ተርታውን ተደርድሯል። አዩት፣ አዩትና «ምንድነው እንዲህ የሚጠይቀን?» አሉኝ። ጥፋቱ የዳታቤዙ አቀማመጥ ነበር። ማይኤስኪውኤል የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ካልነገሩት በስተቀር ለዓመታት ጽሑፍ የሚያስቀምጠው ላቲን-1 በሚባለው አሠራር ነበር፤ ያ ደግሞ ግዕዝን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 8.0 ነው ሳይነግሩት የሚጠቀመው አሠራር ግዕዝን ወደሚያውቀው ዩቲኤፍ-8 የተቀየረው። አሮጌ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ይህንን ይይ። አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ጽሑፍ አይመለስም፤ እንደገና መጻፍ ነው። እኔም ማታውን ስጽፍ አደርኩ።

ግዕዝ የዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በተሰጣቸው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ደንበኛው ካመጣ፣ ገልብጠው ሲለጥፉት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ወይ በመቀየሪያ ይቀየራል፣ ወይ እንደገና ይተየባል። ለገጹ ፎንት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይበቃል፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። የመስመሩን ክፍተት ግን ለእንግሊዝኛ በተለካው አይተዉት። ፊደላችን ይጨናነቃል፤ ትንሽ ሰፋ ሲል ዓይን ያርፋል።

ፍለጋ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። «ፀሐይ»ን አንዱ በፀ፣ አንዱ በጸ ይጽፋል፤ መሐሉን አንዱ በሐ፣ አንዱ በሀ፣ አንዱ በኀ። ይኸው ስድስት ፀሐይ ወጣ። ኮምፒውተሩ ስድስት የተለያየ ቃል ነው የሚያየው። ስለዚህ ለፍለጋ ብቻ ሞክሼዎቹን (ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት) ወደ አንድ የሚያመጣ አጭር ኮድ ይጻፋል። የሚታየው ጽሑፍ ግን ሰውየው እንደጻፈው ይቀመጥ፤ ስሙን ለውጠው ቢያሳዩት ማን ደስ ይለዋል?

የቀን መቁጠሪያው ነገር ብዙ ሰው በከንቱ የሚደክምበት ነው። ብሮውዘር ውስጥ የሚሠራው የኮድ ቋንቋ ጃቫስክሪፕት የኢትዮጵያን አቆጣጠር አብሮት ይዞ መጥቷል፤ «ኢትዮፒክ» ብሎ መጥራት ነው። በእጅ የተጻፈው ሒሳብ አዲስ ዓመታችን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ላይ በሚውልበት ዓመት ሊስት ይችላል፤ እሱ አይስትም። ሰዓታችንን ግን አያውቅም። ስድስቱን ሰዓት ራስዎ መቀነስ አለብዎት።

ይህ ለሆቴል ገጽ ቀላል ነገር አይደለም። «ክፍል መልቀቂያ 6 ሰዓት» የሚለውን በቁጥሩ ብቻ ወደ እንግሊዝኛው ገጽ ካሻገሩት፣ የውጭ እንግዳው ገና በማለዳ ሻንጣውን ይዞ ደሴ ብርድ ላይ ይቆማል። ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ሰዓት ብቻ ይቀመጥ፤ 12:00። አማርኛው ገጽ «ከቀኑ 6 ሰዓት» ብሎ ያውጣው፤ እንግሊዝኛው እንዳለ።