በዝግታ ሲነዳ ከመኪናው ኋላ የሚሰማ ድምፅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

መኪና በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በታች ሲነዳ ከኋላ የሚሰማ እንግዳ ድምፅ ብዙ ባለመኪናዎችን ያላግባብ ገንዘብ ያስወጣል፤ መንስኤው ሳይለይ ዕቃ ይገዛል፣ ድምፁ ግን እንዳለ ይቀጥላል። ለዚህ ከሚዳርጉት እምነቶች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

«ፍጥነት ስጨምር ስለሚጠፋ ቀላል ነው»

ፍጥነት ሲጨምር የነፋሱና የጎማው ድምፅ ሌላውን ይሸፍነዋል እንጂ ብልሽቱን አያስወግደውም። በተለይ ጎማ ከተለወጠ በኋላ የጀመረ ኳኳታ የላላ የጎማ ብሎን ሊሆን ስለሚችል፣ ወዲያውኑ ቆሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

«ከኋላ የሚንኳኳ ሁሉ ሾክ አብዞርበር ነው»

በጣም የተስፋፋውና ኪስ የሚጎዳው አመለካከት ይህ ነው። ዘይት ያፈሰሰ ወይም የላይኛው መያዣው የላላ ሾክ አብዞርበር (የሞላውን መንጠር የሚያረግብ ዕቃ) በእርግጥ ይንኳኳል፤ ይሁን እንጂ የተበላ ጎሚኒ (በብረቶች መጋጠሚያ የሚገባ ላስቲክ)፣ የተሰበረ ሞላ፣ የላላ የማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ማንጠልጠያ፣ እንዲሁም በደንብ ያልታሰረ ክሪክና ትርፍ ጎማ ተመሳሳይ ድምፅ ይሰጣሉ። የዕቃ መጫኛው ባዶ ሳይደረግ የሚጀመር ምርመራ፣ በእኔ እምነት፣ ምርመራ አይባልም።

የመኪናው ቆርቆሮ ድምፅን ስለሚያስተላልፍ ከግራ የመነጨው በቀኝ በኩል የመጣ ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ ከቦታው ይልቅ የሚሰማበትን ጊዜ መከታተል ይበልጥ ያዋጣል። ጉድጓድ ወይም ጉብታ ሲገኝ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ከሞላው፣ ከሾክ አብዞርበሩና ከጎሚኒዎቹ አካባቢ ይፈለጋል። በደልዳላ አስፋልት ላይ በእኩል ምት የሚደጋገም ከሆነ ግን የሚሽከረከር ነገር አለ ማለት ነው። ዙሪያው 2 ሜትር ገደማ የሆነ ጎማ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሴኮንድ 3 ጊዜ ያህል ስለሚዞር፣ በዚሁ ልክ «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ብዙውን ጊዜ በጎማው ጥርስ የተሰነቀረ ጠጠር ወይም ሚስማር ነው። በኋላ እግራቸው በሚነዱ መኪኖች ኃይል ወደ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ወደሚያከፋፍለው ክፍል) የሚያደርሰው ዘንግ ከጎማው በ3 ወይም በ4 እጥፍ ገደማ ስለሚፈጥን፣ ጥድፊያ ያለው ምት ክሮቸራን (የዘንጉን ተጣጣፊ መጋጠሚያ) ያስጠረጥራል፤ ማርሽ ከኋላ ወደ ፊት ሲለወጥ «ቋ» የሚል ከተጨመረበት ጥርጣሬው ይበረታል።

«ኩሽኔታ የሚጮኸው በከፍተኛ ፍጥነት ብቻ ነው»

የኩሽኔታ (ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚደግፈው ዕቃ) ጉምጉምታ ከፍጥነት ጋር ማደጉ እውነት ነው፤ በጣም የተበላ ኩሽኔታ ግን በዝግታም ይንኮሻኮሻል። የፊት ጎማዎች በድንጋይ ታግደው፣ የኋላው ተነሥቶ በማቆሚያ ከተደገፈና የእጅ ፍሬኑ ከተለቀቀ በኋላ፣ በአንድ እጅ ሞላውን ይዞ በሌላው ጎማውን ማዞር ጥሩ መፈተሻ ነው፤ ጆሮ ያልሰማውን ሻካራነት መዳፍ በሞላው በኩል ያገኘዋል።

«ፍሬን ከጮኸ ሸራው አልቋል»

ዝናብ ሲመታት ያደረች መኪና ጠዋት ላይ ብትጮህና ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ዝም ብትል፣ የጠፋው ስስ ዝገት ነው። ብረት ከብረት ጋር የሚፋጭ የሚመስልና የማያቋርጥ ድምፅ ግን ሸራው አልቆ እሱ የሚይዘው ብረት፣ ማለትም ታምቡሮው ወይም ዲስኩ፣ እየተፋቀ መሆኑን ሊያሳይ ስለሚችል ለነገ አይባልም። ፍሬን ሳይያዝም የሚሰማ ፉጨት ደግሞ በሙሉ ያልተለቀቀ የእጅ ፍሬን ሊሆን ይችላል፤ ከጉዞ በኋላ መዳፍን ወደ ግራና ቀኝ ቸርኬ ሳያስነኩ አስጠግቶ ሙቀታቸውን ማነጻጸር ይህን ለመለየት ይረዳል።

«የተቃጠለ ዘይት ቢቀባ ዝም ይላል»

ለጥቂት ቀናት ዝም ይል ይሆናል። የሞተር ዘይት ግን የተፈጥሮ ላስቲክን ያሳብጣል፣ ያለሰልሳልም፤ በዚህም ጎሚኒው ዕድሜው ያጥራል፣ ወደ ፍሬን ሸራ ከተረጨ ደግሞ የመኪናው የመቆም አቅም ይቀንሳል። ጎሚኒ ከተለወጠ በኋላ ድምፁ የሚመለሰውም ብዙ ጊዜ መኪናው በክሪክ እንደተንጠለጠለ ብሎኑ ስለሚጠብቅ ነው፤ የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው በጎማዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ካልተደረገ ጎሚኒው ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይቀራል።

«የኤሌክትሪክ መኪና ከጮኸ ተበላሽቷል»

የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከታገደበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ጥያቄ በአገራችን በርክቷል። ሆን ተብሎ እግረኛን ለማስጠንቀቅ የሚወጣ ድምፅ አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት 138ኛው የተሽከርካሪ ደንብ እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓትና ወደ ኋላ ሲነዳ እንዲሰማ ይጠይቃል። መኪናው እንደቆመ የማይሰማ፣ ሲንቀሳቀስ የሚጀምርና ከዚያ ፍጥነት በላይ የሚጠፋ ጉምጉምታ ይኸው ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚሰማ ፍጭት ግን ሌላ ነው፤ ሞተሩ ራሱ የመኪናውን ፍጥነት ስለሚቀንስ የኋላ ዲስኮች እምብዛም ሳይሠሩ ይዝጋሉና፣ ጎማው ተፈትቶ ይታይ።