ዲፌንሲቭ ሬቲንግ ምንድን ነው? ለምንስ ልጁ ላይ ይለጠፋል?

«ልጁ ሲገባ ቡድኑ 118 ይቆጠርበታል። መከላከል አይችልም፣ ይሸጥ።» ሰሞኑን የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ወሬ ባለበት ሁሉ ይህን አላጣም። የሚፈረድበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቤንች ተነስቶ ትንሽ ደቂቃ የሚጫወት የሃያ ዓመት ልጅ ነው።

ቁጥሩ ዲፌንሲቭ ሬቲንግ (የመከላከል መለኪያ) ይባላል። 118 ማለት ልጁ ሜዳ ላይ እያለ ተጋጣሚ በ100 የማጥቃት ዕድል 118 ነጥብ አስቆጠረ ማለት ነው። በቃ። በማን በኩል እንደተቆጠረ አይናገርም። የአምስት ሰው ሂሳብ ነው።

የማሽላ ጥበቃን አስቡት። አምስት ልጆች በየማማቸው ወንጭፍ ይዘው ወፍ ይጠብቃሉ። እህሉ ጎድሎ ቢገኝ በምሥራቅ በኩል የቆመውን ብቻ ትቆጣላችሁ? ወፉ የገባው በምዕራብ ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ጎበዙ ባለበት በኩል ወፍ ድርሽ አይልም፤ ድንጋይ ስለማይወረውር ሰነፍ ይመስላል። ከማማው እየወረደ የጎረቤቱን ወፍ የሚያባርረው ደግሞ የራሱ ጥግ እየተበላ ይመሰገናል። አንበጣ ከመጣማ ማንን ትጠይቃላችሁ?

አንበጣው የሶስት ነጥብ ኳስ ነው። ተከላካይ ተጋጣሚው ብዙ እንዳይወረውር ማድረግ ይችላል። ኳሷ ከእጅ ከወጣች በኋላ ግን መግባት አለመግባቷ ላይ ብዙም ሥልጣን የለውም። ለአንድ ወር ተጋጣሚ ሁሉ ከቀናው የልጁ ቁጥር ይበላሻል፤ እሱ ምንም ሳያጠፋ።

ይህን ስል «እንግዲያው የነጠቀውን ኳስ እንቁጠር» ባዩ ይመጣል። ዳይሰን ዳንኤልስ በ2024/25 ለአትላንታ በጨዋታ በአማካይ 3 ኳስ ነጥቆ ሊጉን መርቷል፤ እሱ በእርግጥም ምርጥ ተከላካይ ነው። የሚኒሶታው ጄይደን ማክዳንኤልስ ግን በ2023/24 አማካዩ አንድ እንኳ አልሞላም። በዚያው ዓመት በሊጉ ሁለተኛ ምርጥ የተከላካዮች ቡድን ውስጥ ገብቷል። በነጠቃ ብቻ ብትመዝኑት ማክዳንኤልስን ትጥሉት ነበር።

ደግሞ ቁጥር ሲያምርም አትመኑት። ከማክዳንኤልስ ጀርባ የቆመው የዚያ ዓመት የሊጉ ኮከብ ተከላካይ ሩዲ ጎቤር ነበር። ያመለጠውን ሁሉ ጎቤር ቅርጫቱ ስር ይጠብቀዋል። በዚህ ላይ አንድ ሌላ ጣጣ አለ፤ አንዳንድ ድረ ገጾች በዚሁ በዲፌንሲቭ ሬቲንግ ስም የሚያወጡት ቁጥር ከሬባውንድ (ስቶ የተመለሰን ኳስ ከመያዝ)፣ ከነጠቃና ከብሎክ (ውርወራን በእጅ ከማገድ) የተገመተ ነው። ከመከራከራችሁ በፊት የትኛውን እንደያዛችሁ እዩ።

እኔ የማየው እግሩን ነው። ኳሱ ከወዲያኛው ክንፍ ወደ ቅርጫቱ ሲነዳ፣ ልጁ አንድ እርምጃ ወደ መሃል ገብቶ ይረዳል? ኳሱ ወደ ጥግ ሲወረወርስ እጁን ዘርግቶ በጊዜ ይመለሳል? ወይስ እየበረረ መጥቶ፣ በውርወራ ማስመሰያ ተታልሎ፣ ወርዋሪውን አልፎት ይሄዳል? ስክሪን (መንገዱን ለመዝጋት የሚቆም ሌላ ተጋጣሚ) ሲመጣበት ከሰውየው ጋር ተጣብቆ ያልፋል ወይስ ይቆማል?

ዕድገቱም እዚያው ይታያል። በኅዳር በማስመሰያ ሲዘል የነበረ ልጅ በመጋቢት እግሩን መሬት ላይ ካቆየ ተሻሽሏል። የቡድኑ ቁጥር 118 ላይ ቢቀርም ተሻሽሏል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ጨዋታ ኳሱን ትታችሁ እሱን ብቻ ተመልከቱ፤ ከዚያ ይሸጥ በሉ።