የድሮ የኤሌክትሮኒክስ መለኪያዎችን መጠገንና መንከባከብ

የድሮ መለኪያን ከሥራ ይልቅ መቀመጥ ይገድለዋል። ለሃያ ዓመት መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሶ የከረመ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያምረው ሶኬት ላይ ሰክቶ ማየት ነው። ሊድን ይችል የነበረ ብዙ መሣሪያ የሚያልቅለት በዚያች ደቂቃ ነው።

እዚህ ላይ የድሮ የምንለው በአብዛኛው ከ1930ዎቹ እስከ 1990ዎቹ የተሠሩትን ነው። ኦሲሎስኮፖች፣ ቮልት፣ ከረንትና ሬዚስታንስ የሚለኩ ባለመርፌና ዲጂታል መልቲሜትሮች፣ ለሙከራ ሲግናል የሚያመነጩ ሲግናል ጀነሬተሮች፣ ፍሪኩዌንሲ ቆጣሪዎች ሁሉ ይገቡበታል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰዎች የሚጠግኗቸው ለናፍቆት ብቻ አይደለም። የአንዳንዶቹ ዋጋ በዘመናቸው ከመኪና ጋር የሚወዳደር ነበር፤ አሠራራቸውም እንደዚያው ነው። በደንብ የተጠገነ የ1970ዎቹ መሣሪያ ዛሬም ለብዙ ሥራ ይበቃል።

የዘርፉ ትልልቅ ስሞች ጥቂት ናቸው። በእንግሊዝ አቮ ሜትር የተባለው ባለመርፌ መለኪያ በ1923 ወጣ፤ ዝርያውም ለአሥርተ ዓመታት ከቴክኒሻኖች ጠረጴዛ አልጠፋም። ዊሊያም ሂውሌትና ዴቪድ ፓካርድ በ1939 በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ፣ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ኩባንያቸውን መሠረቱ። የመጀመሪያ ምርታቸው 200ኤ የተባለ የድምፅ ኦሲሌተር፣ ማለትም የድምፅ ሲግናል አመንጪ፣ ነበር። ከተከታዩ ሞዴል፣ ከ200ቢ፣ የፊልም ኩባንያው ዋልት ዲዝኒ 8 ገዛ። የዚህ መሣሪያ ብልሃት አንዲት ትንሽ አምፖል ናት። ሲግናሉ ሲጠነክር የአምፖሏ ክር ይግላል፣ ሲግል ሬዚስታንሱ (ከረንትን የመግታት ኃይሉ) ይጨምራል፣ ያኔ ሲግናሉ ራሱን ይገታል። ከዚያ በፊት ብዙ ውስብስብ ሰርኪዩት ይጠይቅ የነበረን ሥራ አንድ ርካሽ አምፖል ተወጣው። ቴክትሮኒክስ ደግሞ በ1946 በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ተመሠረተ። በ1947 ያወጣው 511 ኦሲሎስኮፕ በትሪገር፣ ማለትም ሞገዱን ሁልጊዜ ከአንድ ነጥብ ጀምሮ በመሳል፣ ስለሚሠራ ምስሉ ስክሪኑ ላይ ረግቶ ይቆም ነበር።

እነዚህ መሣሪያዎች ለጥገና እንዲመቹ ያደረጋቸው ትልቁ ነገር ማኑዋላቸው ነው። የዘመኑ ሰርቪስ ማኑዋል ሙሉ የሰርኪዩት ዲያግራም አለው። እያንዳንዱ ክፍል እንዴት እንደሚሠራ በቃላት ያስረዳል። የትኛው ነጥብ ላይ ስንት ቮልት፣ ምን ዓይነት ሞገድ መታየት እንዳለበትም ያሳያል። የዛሬ መሣሪያ ሲገዙ የሚሰጥዎት ብዙውን ጊዜ የደኅንነት ማስጠንቀቂያ የታተመበት ወረቀት ነው። ልዩነቱን ለማየት ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

ወደ መጀመሪያው ቀን እንመለስ። ልምድ ያለው ጠጋኝ ሽፋኑን ሳይከፍት ኤሌክትሪክ አይሰጥም። መጀመሪያ ያሸታል፣ ያያል። የተቃጠለ ነገር፣ ያበጠ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ክፍል)፣ የፈሰሰ ባትሪ፣ የአይጥ ጎጆ ይፈልጋል። ፊውዙን አውጥቶ ቁጥሩን ከማኑዋሉ ጋር ያስተያያል፤ ከእሱ በፊት የነበረው ሰው የገባውን ፊውዝ ሁሉ ሲያቃጥልበት ተናዶ ትልቅ ከትቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቀስ ብሎ ኃይል ይሰጣል። የዚህ ርካሹ ዘዴም አምፖል ነው። ከ40 እስከ 100 ዋት የሆነ ባለክር አምፖል ከመሣሪያው ጋር በተከታታይ ይገናኛል። ኤልኢዲ አይሠራም፣ ክር ያለው መሆን አለበት። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ነገሩ ደህና ነው። እንደደመቀ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፤ ነገር ግን ኃይሉን አምፖሉ ስለወሰደው መሣሪያው አልተቃጠለም። ዘዴው ትራንስፎርመር ላላቸው ነው የሚመቸው። ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ (ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ የሚመጥን የኃይል ክፍል) ያላቸው ቮልቴጁ ሲያንስባቸው ግራ ስለሚጋቡ ምልክቱ ሊያሳስት ይችላል።

ኃይል ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ የፓወር ሰፕላዩን ቮልቴጆች አንድ በአንድ መለካት ነው። የሚሰጡት ቮልት ትክክል መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ላያቸው ላይ የሚንቀጠቀጥ ሪፕል መኖር አለመኖሩም ይታያል። ይህን ዘልሎ ወደ ሌላ ክፍል የሄደ ሰው ቀኑን ሙሉ ያልተበላሸ ነገር ሲጠግን ይውላል።

ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ካፓሲተር ነው። ግን ሁሉም ካፓሲተር በአንድ ዓይነት አይሞትም። ኤሌክትሮሊቲክ የሚባለው ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይደርቃል፣ የውስጥ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ረጅም ጊዜ ኃይል ሳያገኝ ከተቀመጠ ደግሞ በአሉሚኒየሙ ላይ ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይዳከማል። ድንገት ሙሉ ቮልቴጅ ሲመጣበት ከረንት ያፈሳል፣ ይግላል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። በሬዚስተር በኩል ቀስ እያሉ ቮልቴጁን ከፍ ቢያደርጉለት ሽፋኑ መልሶ ሊሠራ ይችላል። ሪፋ የሚል ማርክ ያለበት የወረቀት ካፓሲተርማ የታወቀ ነው። በኤሌክትሪኩ መግቢያ ላይ ይቀመጣል፣ ቢጫማውና ግልጽ ልባሱ በዕድሜ ይሰነጣጠቃል፣ በስንጥቁ እርጥበት ይገባል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ሁሉም ሰላም ሲመስል፣ ክፍሉን በሚከረፋ ጭስ ይሞላዋል። ስንጥቅ ካዩበት ሳይሰኩ ያውጡት። ታንታለም የሚባለው ሾርት ሆኖ ነው የሚሞተው፣ አንድ ሙሉ የቮልቴጅ መስመርም ይዞ ይወድቃል። መስመሩ ላይ ሃያ ታንታለም ካለ የትኛው እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? አንዱ ዘዴ መሣሪያውን አጥፍቶ በመስመሩ ላይ ከውጭ ትንሽና የተገደበ ከረንት መልቀቅ፣ ከዚያም ጥቂት አልኮል ጠብ ማድረግ ነው። ቀድሞ የደረቀበት ቦታ የጋለው ነው።

አንዳንዶች ገና ሳይለኩ ካፓሲተሩን በሙሉ ነቅለው ይተካሉ። እኔ አልስማማም። አርባ ካፓሲተር ሲነቀል አርባ አዲስ የስህተት ዕድል ይፈጠራል፤ መሣሪያው ድሮ በነበረበት ብልሽት ይሁን በእርስዎ እጅ፣ መለየት አይቻልም።

ሌሎችም አሉ። ካርቦን ኮምፖዚሽን የሚባሉት ሬዚስተሮች ሬዚስታንሳቸው በዕድሜ ወደ ላይ ይሸሻል። የ1960ዎቹ ኤኤፍ117 ጀርማኒየም ትራንዚስተር ውስጥ ከቆርቆሮው ላይ እንደ ጢም ቀጫጭን የብረት ፀጉር ይበቅልና ሾርት ያደርጋል። ለዚህ የተለመደው ማስታገሻ አራተኛውን፣ ማለትም የመከለያውን እግር መቁረጥ ነው። ሪቻርጀብል ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ቦርድ ላይ ከፈሰሰ የመዳቡን መስመር ይበላዋል። ፈሳሹ አልካላይ ስለሆነ በኮምጣጤ ይረክሳል፣ ከዚያ በውኃና በአልኮል ይታጠባል። ዕድሜው የተቆጠረው ደግሞ ካሊብሬሽን (መሣሪያው በትክክል እንዲለካ የተስተካከለበትን) የሚያስታውሰው ሚሞሪ ነው። እንደ ቴክትሮኒክስ 2465ቢ ኦሲሎስኮፕ እና በ1989 እንደወጣው የሂውሌት ፓካርድ 3458ኤ መልቲሜትር ያሉት የካሊብሬሽን ቁጥሮቻቸውን የሚይዙት ሊቲየም ባትሪ በውስጡ በታሸገ ቺፕ ነው። ባትሪው ሲሞት ቁጥሮቹ ይጠፋሉ። ስለዚህ ቺፑ ሳይነካ በፊት ውስጡ ያለው መረጃ ተነቦ መቀመጥ አለበት።

በ1950ዎቹና 1960ዎቹ የተሠሩ የቴክትሮኒክስ 500 ተከታታይ ኦሲሎስኮፖችን የከፈተ ሰው ደስ የሚል ነገር ያያል። ክፍሎቹ የተሰካኩት በነጫጭ የሴራሚክ መደዳዎች ላይ ነው፣ ልክ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ። የጥርሶቹ ክፍተት በብር ተለብጧል። ተራ ሶልደር (ክፍሎችን የሚያጣብቅ የሚቀልጥ ብረት) ያንን ብር ቀስ በቀስ ስለሚያሟሟው ትንሽ ብር የተቀላቀለበት ሶልደር ያስፈልጋል። ፋብሪካው ይህን ስላወቀ እዚያው መሣሪያው ውስጥ አንድ ጥቅል ሶልደር ሰቅሎ ይልክ ነበር። ዛሬ ሲከፈት ሶልደሩ እስካሁን እዚያው ተንጠልጥሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሌላም አለ፦ ቴክትሮኒክስ ኦሲሎስኮፖቹን በውኃና በቀላል ሳሙና አጥቦ፣ ሞቅ ባለ ቦታ በደንብ ማድረቅን ራሱ ይመክር ነበር። ስዊችና ማዞሪያ ግን በአልኮል ወይም ለኮንታክት በተሠራ ማጽጃ ነው የሚጸዱት። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት መንፋት አቧራ መጥራት ነው።

አደጋው ቀልድ አይደለም። የኦሲሎስኮፕ ስክሪን ቱቦ ከ10,000 ቮልት በላይ ሊይዝ ይችላል፤ ካፓሲተሮችም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ቻርጃቸውን ወዲያው ላይለቁ ይችላሉ። በሬዚስተር ዲስቻርጅ ይደረጋሉ፣ ከዚያም ባዶ መሆናቸው ይለካል። በሥራ ላይ ያለ መሣሪያ ሲነካ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይገባል። የሶኬቱን የኤርዝ (የመሬት መስመር) እግር ቆርጦ መለካት የድሮ መጥፎ ልማድ ነው፣ የመሣሪያው ቆርቆሮ ራሱ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። በአንዳንድ መሣሪያዎች ሙቀት ለማስተላለፍ ቤሪሊየም ኦክሳይድ ገብቷል፤ አቧራው ሳንባን ስለሚጎዳ አይሞረድም፣ አይሰበርም።

ካሊብሬሽን የመጨረሻው ሥራ ነው። መሣሪያው ለ20 ወይም 30 ደቂቃ በርቶ ይሞቃል። የሚመሳከርበት መለኪያ ከእሱ ቢያንስ አራት እጥፍ የተሻለ ትክክለኛነት እንዲኖረው ይመከራል። የማስተካከያ ብሎኖቹ የሚነኩት ማኑዋሉ በሰጠው ቅደም ተከተል ነው፣ አንዱ ሌላውን ያንቀሳቅሳልና። የነበሩበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል። የተለካው ቁጥር፣ ከማስተካከያው በፊትና በኋላ፣ ከነቀኑ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ መሣሪያው መደርደሪያ ላይ አይተውም። በየጥቂት ወሩ ለተወሰነ ሰዓት ይበራል፣ ማዞሪያዎቹም ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቂት ጊዜ ይዞራሉ።