ኪዮቶ፦ ጥንታዊቱ የጃፓን መናገሻና የመጀመሪያ ጉብኝት ዝግጅት

ኪዮቶ በሆንሹ ደሴት የምትገኝ፣ ከደቡብ በቀር በሦስት አቅጣጫ ተራራ ያቀፋት ከተማ ናት። ከ794 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የጃፓን ነገሥታት መቀመጫ ሆና ቆይታለች። በ1994 በእርሷ፣ በኡጂና በኦትሱ የሚገኙ 17 ገዳማት፣ መቅደሶችና ግንብ በአንድነት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ስማቸው በ«ጂ» ወይም በ«ዴራ» የሚያልቀው የቡድሃ ገዳማት ናቸው፤ «ጂንጃ»፣ «ጂንጉ» ወይም «ታይሻ» የሚባሉት ደግሞ የሺንቶ መቅደሶች ናቸው። መቅደሶቹ በአብዛኛው በነፃ ይገባባቸዋል፤ ገዳማቱ ግን ያስከፍላሉ።

እነዚህ ቦታዎች ያሉት መሐል ከተማ ሳይሆን በተራሮቹ ግርጌ ተበታትነው ነው። ስለዚህ ቀኑን በአቅጣጫ ሳይከፍል የቦታ ስም ብቻ ደርድሮ የሚሄድ ሰው ግማሽ ቀኑን አውቶቡስ ውስጥ ያሳልፋል።

ታሪክ

ንጉሠ ነገሥት ካንሙ የቀድሞዋን መናገሻ ናራን ለቀው አሥር ዓመት በናጋኦካ ከቆዩ በኋላ በ794 ወደዚህ ተዛወሩ፤ አዲሲቱንም ከተማ ሄይአን-ክዮ፣ የሰላም መዲና፣ አሏት። የተቀየሰችው በቻይናዋ ቻንግአን አምሳያ ነበር፦ ቤተ መንግሥቱ በሰሜን፣ መሐሏን የሚሰነጥቅ ሰፊ የሱዛኩ ጎዳና፣ ከሰሜን ወደ ደቡብና ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቀጥ ብለው የሚቆራረጡ መንገዶች። ምዕራቡ አጋማሽ ረግረግ ስለነበረ ነዋሪው እየለቀቀው ወደ ምሥራቅ አዘነበለ። ዛሬ ጎሾ ተብሎ የሚጎበኘው ቤተ መንግሥትም በዚሁ ምክንያት በመጀመሪያው ስፍራ ላይ አይደለም፤ የቆሙት ዋና ዋና ሕንፃዎችም በ1855 የታነጹ ናቸው።

ቅየሳው ዛሬም ለእንግዳ መሪ ነው። ትልልቆቹ አግድም ጎዳናዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ በቁጥር ይጠራሉ፤ ሳንጆ ሦስተኛ፣ ሺጆ አራተኛ፣ ጎጆ አምስተኛ ማለት ነው። አድራሻም የሚነገረው በመስቀለኛ መንገድ ነው፦ «አጋሩ» ከመስቀለኛው ወደ ሰሜን፣ «ሳጋሩ» ወደ ደቡብ፣ «ሂጋሺ-ኢሩ» ወደ ምሥራቅ፣ «ኒሺ-ኢሩ» ወደ ምዕራብ ግባ ማለት ነው። አራቱን ቃላት ያጠና ሰው ስልኩ ባትሪ ቢጨርስም አይጠፋም።

በ12ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ሥልጣን በምሥራቅ ባለችው የካማኩራ ከተማ ወደ ተቀመጡት የጦር አለቆች (ሾገኖች) ተሻገረ። ከ1467 እስከ 1477 የዘለቀው፣ ኦኒን የሚባለው የእርስ በርስ ጦርነት አብዛኛውን ከተማ አመድ አደረገው፤ የኪዮሚዙ-ዴራ ዋና አዳራሽ እንኳ ገዳሙ በ778 ተመሠረተ ቢባልም የ1633 ሥራ ነው። ሾገኑ ቶኩጋዋ ኢኤያሱ በ1603 ያሠሩት የኒጆ ግንብ፣ የመጨረሻው ሾገን በ1867 ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ የመለሱበት ቦታም ነው።

በ1869 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ቶኪዮ ሄዱ። ዋና ከተማነቷን የሚሽር ግልጽ ዐዋጅ አልወጣም የሚለው የነዋሪዎቿ አቋም ዛሬም ያከራክራል፤ ቀላል ክርክርም አይደለም። ከተማዋ ግን ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። ታናቤ ሳኩሮ የተባሉት ወጣት መሐንዲስ ከቢዋ ሐይቅ ተራራ ሰንጥቀው ውኃ የሚያመጣውን ቦይ በ1890 አስጨረሱ። በማግስቱ ዓመት በኬአጌ የውኃ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ በ1895 ደግሞ በዚሁ ኃይል የጃፓን የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ትራም በጎዳናዎቿ ሄደ። ውኃውን የሚያሳልፈው የቀይ ጡብ ድልድይ በናንዘን-ጂ ገዳም ግቢ ቆሟል፤ ያለ ክፍያ ይታያል። ብዙ ጎብኚ ሳያየው ማለፉ ያሳዝናል።

በ1945 ኪዮቶ ለአቶሚክ ቦምብ ከታጩት ከተሞች ዝርዝር የወጣችው በአሜሪካው የጦር ሚኒስትር ሄንሪ ስቲምሰን ውሳኔ ነው። ምክንያታቸው ቀድሞ ጎብኝተዋት መውደዳቸው ነው የሚለው በሰፊው ቢነገርም፣ ከጦርነቱ በኋላ የጃፓንን ሕዝብ ላለማስቆጣት ማሰባቸውም በጽሑፍ የተገለጸ ነው። ወርቅ የተለበጠው ኪንካኩ-ጂ ከጦርነቱ ተርፎ በ1950 አንድ ተማሪ መነኩሴ አቃጠለው፤ የአሁኑ በ1955 ዳግም የታነጸ ነው።

ወቅትና ጾም

የቼሪ አበባ የሚፈነዳው (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) በመጋቢት ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ የሜፕል ቅጠል የሚቀላው በኅዳር ነው። ሁለቱም ወቅቶች የመኝታ ዋጋ የሚንርባቸው ስለሆኑ ክፍል ከወራት በፊት ይያዛል። ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን ሁለቱም ከጾም ጋር ይገጥማሉ፤ አንዱ ከዐቢይ ጾም፣ ሌላው ከነቢያት። የገዳማት ምግብ የሆነው ሾጂን ርዮሪ ሥጋም ዓሣም ወተትም የለበትም፤ ለጿሚ ይስማማል። ችግሩ ተራው ምግብ ቤት ነው፦ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባና የቶፉ መረቅ በአብዛኛው ዳሺ በሚባል የደረቀ ዓሣ ውኃ ይሠራል። «ሥጋ አለው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ዳሺ አለው?» ማለት ያስፈልጋል።

ሰኔ የዝናብ ወቅት ነው፤ ኦገስት ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ታላቁ የጊዮን በዓል ግን ጁላይ ላይ ነው፤ የሠረገላው ሰልፍ በ17 እና በ24 ይወጣል።

መድረሻ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል እስከ ቶኪዮ ናሪታ ይበራል። ከናሪታ ወደ ቶኪዮ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ ኖዞሚ በተባለው ፈጣን ባቡር (ሺንካንሰን) ወደ ኪዮቶ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል፤ ዋጋው ወደ 14,000 የን ነው። ይህ የሺንካንሰን መስመር የተከፈተው በኦክቶበር 1 ቀን 1964 ነው፤ አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ከመውሰዱ ሃያ ቀን ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። የሰባት ቀኑ የባቡር ፓስ (በአንድ ክፍያ ደጋግሞ መሳፈሪያ ትኬት) በ2023 ወደ 50,000 የን ካደገ ወዲህ ለቶኪዮና ኪዮቶ ደርሶ መልስ ብቻ አያዋጣም። የሻንጣው ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ተደምሮ ከ160 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ልዩ መቀመጫ አስቀድሞ መያዝ ግዴታ ነው። በኦሳካ አቅጣጫ የሚገባ ሰው ከካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ ሃሩካ የተባለውን ባቡር ይይዛል፤ 80 ደቂቃ ያህል ነው።

በከተማ ውስጥ

የምድር ባቡሩ ሁለት መስመር ብቻ አለው፦ ካራሱማ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ቶዛይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ። የከተማ አውቶቡስ በኋላ በር ይሳፈሩበታል፣ በፊት በር ሲወርዱ 230 የን ይከፍላሉ። የክፍያው ሣጥን መልስ አይሰጥም፤ 1,000 የን የያዘ ሰው አጠገቡ ባለው መዘርዘሪያ ሳንቲም አውጥቶ ልኩን ይከፍላል። ከ1,000 በላይ የሆነ ኖት መዘርዘሪያው አይቀበልም፤ ወረፋ የሚያስቆመው በአብዛኛው ይህ ነው። ኢኮካ የተባለው፣ ገንዘብ የሚሞላበት ካርድ ከዚህ ያድናል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ግን የራሱ ካርድ ያስፈልገዋል። የአውቶቡስ ብቻ የነበረው የቀን ትኬት ቀርቷል፤ አሁን ያለው አውቶቡስንና ምድር ባቡርን የሚያጣምረው የ1,100 የኑ ነው።

ሦስት ሙሉ ቀን ያለው ሰው እንዲህ ቢከፍለው ይሻላል። አንደኛው ቀን ለምሥራቅ፦ ኪዮሚዙ-ዴራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ስለሚከፈት በዚያው መድረስ፣ በሳንኔንዛካ ዳገት ወደ ያሳካ መቅደስ ቁልቁል መውረድ፣ ከሰዓት ናንዘን-ጂና ጊንካኩ-ጂ። ሁለተኛው ለምዕራብ፦ ከኪዮቶ ጣቢያ በሳጋኖ መስመር ወደ አራሺያማ፣ የቀርከሃውን ጫካ ሰው ሳይበዛ ማየት፣ ከዚያ 15 ድንጋዮች ያሉት የርዮአን-ጂ አትክልት ስፍራና ኪንካኩ-ጂ። ሦስተኛው ለደቡብ፦ ፉሺሚ ኢናሪ ቀንና ሌሊት ክፍትና ነፃ ነው፤ 233 ሜትር ከፍታ ያለውን ተራራ ዞሮ ለመመለስ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይበቃል። በዚያው የናራ መስመር ወደ ኡጂ ቢቀጥሉ በ10 የን ሳንቲም ላይ የተቀረጸው፣ በ1053 የታነጸው የብዮዶ-ኢን አዳራሽ አለ።

ብዙዎቹ ገዳማት ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ፤ የመጨረሻው መግቢያ ግማሽ ሰዓት ቀደም ይላል። የመግቢያ ክፍያው በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ ነው። ጫማ ደጋግሞ ስለሚወለቅ ማሰሪያ የሌለው ጫማና ንጹሕ ካልሲ ያስፈልጋል። 1,001 የካንኖን (በቡድሃ እምነት የርኅራኄ አካል) ምስሎች ባሉበት ሳንጁሳንገን-ዶ አዳራሽ ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው። በጊዮን ሠፈር ያሉት የግል መተላለፊያዎች ለጎብኚ ዝግ ናቸው፤ ገብቶ ለተገኘ 10,000 የን ቅጣት የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ማይኮ የሚባሉትን፣ ጌይሻ (በዘፈንና በውዝዋዜ እንግዳ አስተናጋጅ) ለመሆን የሚሠለጥኑ ልጃገረዶች መንገድ ላይ አስቁሞ ፎቶ ማንሳትም ነውር ነው፤ በዚያ ሰዓት ወደ ሥራ እየሄዱ ነውና።