«ምነው ዘጋኸን?»፦ ከማናውቀው ሰው ጋር ስለ መጨዋወት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣው ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ አይንቀሳቀስም። በዚያ መሃል አንዱ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል፤ ሌላው አጠገቡ ላለው «ኧረ ዛሬስ ሙቀቱ ለጉድ ነው!» ይላል። ያቀረቀረው ተናጋሪውን ወሬኛ፣ ተናጋሪውም ያቀረቀረውን ኩሩ አድርጎ ይወስደዋል። የዚህ አገር ሰው ቶሎ ይግባባል ቢባልም፣ ከባዳ ጋር ስለ መጫወት ከሚባለው ብዙው ልክ አይደለም። (ከታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጊዜ ማጥፊያ ነው፤ ምንም አይገኝበትም»

«ሰላም ነው? ቤት ሰላም? ሥራ እንዴት ነው?» የሚል ሰው መረጃ እየሰበሰበ አይደለም። «አይቼሃለሁ፣ ክፉ አላስብብህም» እያለ ነው። በአካባቢው የሚሰሙትን ሰላምታዎች ብትደረድራቸው፣ የአማርኛው «ሰላም»፣ የኦሮምኛው «ነጋ»፣ የሶማልኛው «ነበድ»፣ የሐረሪው «አማን» ዞሮ ዞሮ የሚጠይቁት ሰላምና ደኅንነትን ነው።

ጥቅሙ ግን በዚህ አያበቃም። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ ሥራ በሰው በኩል ያገኙ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ወሬውን ከነገራቸው ሰው ጋር ቶሎ ቶሎ ይገናኙ የነበሩት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያዩት ሰው ነው። የቅርብ ጓደኛህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከራቅ ያለ ሰው ነው። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የሚከራይ ክፍል መኖሩን ከደላላው ቀድሞ የሚነግርህም ሱቅ ደጃፍ ላይ ሁለት ቃል የምትለዋወጠው ሰው ሊሆን ይችላል።

«ሰው ብቻውን መሆን ነው የሚፈልገው»

በ2014 ተመራማሪዎቹ ኒኮላስ ኤፕሊ እና ጁሊያና ሽሮደር የቺካጎ ባቡር ተሳፋሪዎችን ከፊሎቹን ከማያውቁት ሰው ጋር እንዲያወሩ፣ ከፊሎቹን ዝም ብለው እንዲቀመጡ፣ የቀሩትን እንደ ልማዳቸው እንዲሆኑ አደረጉ። ግምታቸውን የተጠየቁ ሌሎች ተሳፋሪዎች ዝምታው ይሻላል ብለው ነበር። ያወሩት ግን የተሻለ ጉዞ አሳለፉ። ስህተቱ የሚመጣው እያንዳንዱ «እኔስ ባወራ ደስ ባለኝ፣ እሱ ነው የማይፈልገው» ስለሚል ነው። ሁለቱም እንዲህ ካሉ ማን ይጀምራል?

ካወሩ በኋላም ጥርጣሬው አይለቅም። በ2018 የወጣው የኤሪካ ቡዝቢ እና የባልደረቦቿ ጥናት እንዳሳየው፣ አዲስ የተዋወቁ ሰዎች ሌላው ምን ያህል እንደወደዳቸው አሳንሰው ይገምታሉ።

«ለመጀመር ጥሩ ወሬ ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። ሁለታችሁም የምታዩት ወይም የሚሰማችሁ ነገር ይበቃል። የሐረር መንገድ ለዚህ ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ድሬዳዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ መኪናው የደንገጎን ጠመዝማዛ ሲጨርስ 2,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሲነሳ ወለል ብሎ የተከፈተው መስኮት ደንገጎ ላይ ብርድ ያስገባል። «መስኮቱን ልዝጋው?» የምትለው እዚያ ነው። ጥያቄው የእውነት ነው፣ መልሱ አጭር ነው፣ እምቢ ቢባልም ማንም አያፍርም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መስማት ነው። ሰውየው «ዝጋው አቦ፤ እዚህ ነው ያደግኩት፣ ብርዱ ግን አሁንም አይለምደኝም» ካለህ ክሩ «እዚህ ነው ያደግኩት» የሚለው ላይ ነው። «ያኔ የሐሮማያ ሐይቅ ሙሉ ነበር?» በለው። ሐይቁ ደርቆ ከዓመታት በኋላ ዳግም ውሃ ስለያዘ፣ በዚያ መስመር እንደሱ የማይነጥፍ ጨዋታ የለም። ነገሩን የሚያበላሸው ክሩን ጥሎ «ምን ትሠራለህ? አግብተሃል? ስንት ልጅ አለህ?» ማለት ነው፤ ይሄ ምርመራ ነው። በ2017 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናትም ከተሰጠው መልስ ተነስቶ ቀጣዩን የሚጠይቅ ሰው ይበልጥ እንደሚወደድ ያሳያል። ከሁለት ጥያቄ በኋላ ስለራስህ አንድ ነገር ጣል አድርግ፤ አለዚያ ሰውየው ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን የሚሰጥ ይመስለዋል።

«‹አንተ› ካለኝ ንቆኛል»

ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ቶሎ የሚቀየመው በዚህ ነው። ድሬና ሐረር ላይ «አንተ» እና «አንቺ» ለትልቅም ለትንሽም ይባላል፤ ንቀት የለበትም፣ መቅረብ ነው። (ይህ ጽሑፍ «አንተ» ማለቱም ከዚያው የመጣ ነው።) እንግዳው ግን አብሮ «አንተ» ማለት አይጠበቅበትም። ሽማግሌውን «አባባ፣ እርስዎ» ቢል ማንም አይስቅበትም። የሚያስቀው በሁለተኛው ቀን «ወርያ» (የሶማልኛው «አንተ ልጅ») ማብዛት ነው።

«ጨዋታ እስከሆነ ድረስ ምንም መጠየቅ ይቻላል»

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ነው። «አገርህ የት ነው?» ድሮ የጨዋታ መክፈቻ ነበር፤ ዛሬ ብዙ ሰው ጆሮ የሚደርሰው «ብሔርህ ምንድን ነው?» ሆኖ ነው። «ሰፈርህ የት ነው?» ይሻላል። ከዚራ ወይስ መጋላ የሚለው ብቻ የደቻቱ ወንዝን ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ክርክር ይከፍታል። ሕፃን አይተህ «ሲያምር!» ብቻ ብለህ ካቆምክ እናትየዋ ዓይን ትፈራለች፤ ሙስሊም ከሆነች «ማሻአላህ»፣ አለዚያም «ያሳድግልሽ» አስከትል።

ለከፋን ጨዋታ ብሎ የሚጠራም አለ። ጨዋታ ስለ ወረፋው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው፤ ሌላ ሰው እየሰማው ይነገራል፣ ቁርጥ ያለ መልስ ሲያገኝ ያቆማል። ስለ መልኳ የተነገረ ወይም እርምጃዋን ተከትሎ የተደገመ ለከፋ ነው፣ ፈገግታ ቢጨመርበትም።

«ዝም ካለኝ ጠልቶኛል»

መጀመሪያ ሰዓቱን እይ። የድሬ ቀትር ማንንም አያስወራም። ባርጫ ላይ (ጫት ሲቃም) መጀመሪያ ጨዋታው ይደራል፤ ምርቃናው ሲገባ ሁሉም በየሐሳቡ ይሰምጣል፣ ያን ጊዜ ላጫውት ማለት መረበሽ ነው። ቀፊራ ገበያ ላይ ገዢ ሲደረደር ነጋዴዋ የምትመልስልህ ዋጋ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ በአንድ ቃል ከተመለሰልህና እሱም አንድ ጥያቄ ካልጠየቀህ፣ ተወው።

«የተፈጥሮ ጉዳይ ነው»

ልምምድም ነው። ጊሊያን ሳንድስትሮም እና ባልደረቦቿ በ2022 ባወጡት ጥናት፣ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ከማያውቁት ሰው ጋር ያወሩ ተሳታፊዎች እምቢ እባላለሁ የሚለው ፍርሃታቸው ቀንሷል።

«ከጀመሩት ማምለጫ የለውም»

ይህ ስጋት ከሌሎቹ ይልቅ እውነት አለው። በ2021 የወጣ የአዳም ማስትሮያኒ እና የባልደረቦቹ ጥናት፣ ጭውውት ሁለቱም በፈለጉት ሰዓት የሚያበቃው ከስንት አንዴ መሆኑን አሳይቷል። ሲረዝምባቸው አይናገሩም፣ ሲያጥርባቸውም እንዲሁ። አማርኛ ግን መውጫውን አዘጋጅቶታል፦ «በል እንግዲህ»። መጀመሪያ ከተወራው አንዱን አንሳ፣ «ሐይቁን ሳየው አስታውስሃለሁ» በል፤ «በል እንግዲህ፣ ሰላም ዋል» አስከትል፤ ወዲያው ቦርሳህን ያዝ። ስልክ ማየት ስንብት አይሆንም፤ «በል እንግዲህ» ብሎ ተቀምጦ መቅረት ደግሞ ሁለተኛ ዙር ያስጀምራል፣ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» እስኪል።