በሰሜን ሸዋ የሕዝብ ተመራጭና የመራጩ ውይይት

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ስለደገፈው አዋጅ ለመራጩ የሚያስረዳው በዋናነት ወደ ምርጫ ክልሉ ወርዶ በሚጠራው ስብሰባ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ተመራጩ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንዲገዛ ያዛል፤ መራጩ አመኔታ ካጣበትም ከወንበሩ ሊነሣ ይችላል። በተግባር ግን የፓርቲው አቋም ያይላል። መድረክ ላይ «መንግሥት ይህን ያወጣው ለዚህ ነው» ሲባል ይሰማል፤ «እኔ እጄን ያወጣሁት ለዚህ ነው» የሚል ብርቅ ነው።

ቀን መምረጡ ራሱ ፈተና ነው። ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ስለሚሠራ ረጅሙ እረፍት ክረምት ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ የጅሩ ጥቁር አፈር መኪና ይይዛል፣ ገበሬውም ከአረም ቀና አይልም። በመካከል የሚወሰደው የአንድ ወር እረፍት በተለምዶ የካቲት ነው፤ ሚንጃር ጤፉን ወቅቶ አስገብቷል፣ መንዝ ደግሞ በልግ ለመዝራት ይሯሯጣል። ስለዚህ በሬ የማይጠመድበት ቀን ይፈለጋል፦ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም ወይም በ29 በዓለ ወልድ፣ ከቅዳሴ በኋላ። በቀወትና በኤፍራታና ግድም ቆላ ዓርብ ከተያዘ ጁምዓ ሳይደርስ መጨረስ ግድ ነው። የገበያ ቀን የጠራ ባዶ አግዳሚ ያነጋግራል።

ጥሪው በወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ በኩል ለቀበሌው ይደርሳል። ሽማግሌ ይመርቃሉ፣ ተመራጩ ያስረዳል፣ ከዚያ አምስት ስድስት ሰው በአንድ ዙር ይጠይቃል። ብልሽቱ እዚህ ነው፤ መልሱ ተጠቅልሎ ሲሰጥ ከባዱ ጥያቄ ይዋጣል። ጥያቄውን ከነጠያቂው ስም ጽፎ አንድ በአንድ የሚመልስ ተመራጭ ይከበራል። ሴቶች ከኋላ ተቀምጠው ዝም እንዳይሉ የመጀመሪያውን ዙር ለእነሱ መስጠት ይረዳል።

ገበሬው የመሬት የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር የሚፈቅደውን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016ን እንውሰድ። አንቀጽ ቆጥሮ ማንበብ ማንንም አያሳምንም፤ የገበሬው ጥያቄ «ብድሩን ባልከፍል ባንኩ መሬቴን ይወስዳል ወይ?» ነው። መልሱ አጭር ነው፦ መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የሚያዘው የመጠቀም መብቱ ነው፣ ያውም በውል ለተወሰነ ጊዜ። ይህን የአንድ ጥማድ መሬት ምሳሌ ይዞ ማስረዳት ይቻላል።

የማዳበሪያ፣ የቦኖ ውሃና የመንገድ ጥያቄ ሳይነሣ የሚበተን ስብሰባ የለም። ቦኖው የወረዳው ነው ብሎ ማለፍ «ታዲያ አንተን ለምን መረጥን?» ያስከትላል፤ ይልቅ የትኛው ቢሮ እንደሚመለከተው ነግሮ ቃለ ጉባኤ ላይ ማስፈር ይሻላል። ጥያቄው በሪፖርት ለምክር ቤቱ ቀርቦ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይላካል።

በ2015 ክረምት በክልሉ ግጭት ከተባባሰ ወዲህ ገጠር ቀበሌ ወርዶ መሰብሰብ ከባድ ሆኗል። በከተማ አዳራሽ ሲደረግ ደግሞ ወንበሩን የሚሞላው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የቀበሌው ገበሬ ስለ አዋጁ የሚሰማው ከሬዲዮ ወይም ከጎረቤቱ ይሆናል።