ጥርት ያለ ፎቶ በዲኤስኤልአር፦ ከፋሲል ግቢ እስከ ኤዲቲንግ

የዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር፣ ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ፎቶ ጥራት ኮምፒውተር ላይ አይጀመርም። ሌንሱ፣ ፎከሱ፣ የእጅ መንቀጥቀጡና ብርሃኑ ቀድመው ይወስኑታል፤ ኤዲቲንግ የሚያወጣው እዚያ ያለውን ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ካሜራው ራሱም ትንሽ ያለሰልሳል። ብዙዎቹ ዲኤስኤልአሮች ሴንሰራቸው ላይ ምስሉን በጥቂቱ የሚያደበዝዝ ማጣሪያ አላቸው፤ እንደ ጥልፍ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች የሌለ ቀለም እንዳያመጡ ነው። ኒከን በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዲ7100 ላይ ይህን ማጣሪያ ትቶታል። በጄፔግ (በተለመደው የፎቶ ፋይል) ስታነሱ ካሜራው ሻርፕ አድርጎ፣ ማለትም ጠርዞቹን አጉልቶ ይሰጣችኋል። በራው (ካሜራው ሳያስተካክለው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ከሆነ ሥራው የእናንተ ነው፤ ራው ፎቶ ሲከፈት ፈዘዝ የሚለው ለዚህ ነው እንጂ ካሜራው ተበላሽቶ አይደለም።

ሌንስ ለመፈተን ከፋሲል ግቢ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ድንጋዩ ሻካራ ነው፣ በመካከሉ ያለው ኖራም ጎልቶ ይታያል። ከካሜራው ጋር በሚመጣው 18-55 ሌንስ የአፄ ፋሲልን ቤተ መንግሥት ኤፍ 8 ላይ አንሱት (ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ይነግራል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል)፣ ከዚያ ከዚያው ቦታ ሳትነቃነቁ ኤፍ 22 ላይ ድገሙትና ሁለቱንም መቶ ፐርሰንት አጉልታችሁ ኖራውን እዩት። ኤፍ 22 ላይ መስመሩ ይሟሟል። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ፎቶው ይጠራል የሚባለው እስከ አንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል። በትራይፖድ ካነሳችሁ ደግሞ መስታወቱን ቀድሞ የሚያነሳውን ሴቲንግ ተጠቀሙ፣ ንዝረቱ ይቀንሳል።

እዚያው ጎንደር፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች ሌላ ጣጣ አላቸው፦ ብርሃን የለም፣ ፍላሽ ደግሞ ለጥንት ሥዕል አይሆንም። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በተለመደው አነስተኛ ሴንሰር ላይ 1/80 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ የሹተር (የካሜራው መዝጊያ) ፍጥነት ይፈልጋል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ሳትፈሩ 1600 ወይም 3200 አድርሱት። በዚህ የሚመጣው ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚታየው ነጠብጣብ) በኤዲቲንግ ይቀነሳል፣ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ግን አይድንም። ጥምቀት ላይ ወጣቶቹ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲዘሉ ለማንሳት ደግሞ 1/1000 ያዙ።

ወደ ኤዲቲንጉ እንምጣ። የተለመደው ሻርፕ ማድረጊያ አዲስ ነገር አይፈጥርም። ጠርዝ ሲያገኝ ጨለማውን ጎን ያጨልማል፣ ብሩሁን ያበራል፤ ዓይናችን ያንን እንደ ጥራት ያየዋል። ሬዲየሱ (ከጠርዙ ግራና ቀኝ የሚነካው ስፋት) ሲበዛ በግንቡ ጫፍና በሰማዩ መካከል ነጭ ክር ይወጣል፣ እሱን ያየ ሰው ፎቶው እንደተነካካ ወዲያው ያውቃል። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ አልት ቁልፍን ተጭናችሁ ማስኪንጉን (ሻርፕ የሚሆነውን ቦታ የሚወስነውን) ስትስቡት ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ ሰማዩ እስኪጠቁር ጎትቱት፣ ሻርፕ የሚሆነው ነጭ ሆኖ የቀረው ብቻ ነውና።

ኖይዙን መጀመሪያ ቀንሱ። የፎቶውን መጠን ካሳነሳችሁ በኋላ ደግሞ በመጨረሻ ትንሽ ሻርፕ ጨምሩ። ቴሌግራም ላይ በፎቶ መልክ ከላካችሁት ስለሚጨምቀው፣ ለደንበኛ ስትልኩ በፋይል ላኩት።